ፎቶው ሲፈታ፦ ምስሎች በስልክ አፕ ውስጥ የሚይዙትን ሜሞሪ ስለ መለካት

በአዳራሹ ውስጥ የስልክ አፕ መሥራት የጀመሩ ወጣቶች እንዳሉ ተነግሮኛል። የሚበዛው ታዳሚ ግን ኮድ ጽፎ የማያውቅ፣ ስልኩን ደግሞ ከእጁ የማይለይ ነው። የምናገረው ጉዳይ ሁለቱንም ወገን ስለሚነካ ሁለቱም እንዲከተለኝ አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ርእሴ አንድ ጥያቄ ነው፦ ምስል በስልክ አፕ ውስጥ ተከፍቶ ሲታይ ምን ያህል ሜሞሪ ይይዛል? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ስልኩ የሚንቀራፈፍበት፣ የሚሞላው ቅጽ ሳያልቅ አፑ የሚዘጋበት ሰው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ባለቤት ነው። ዓላማዬ መጠኑ እንዴት እንደሚሰላ ማሳየት፣ ቀጥሎም ሲለካ ዐይናችንን የት ላይ ማድረግ እንዳለብን መናገር ነው። በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ሠሪዎች ስሌቱን እያወቁ የሚሳቱት እዚያ ነውና። በመጨረሻ አንድ ለእኛ ቅርብ የሆነ ሥራ፣ የብራና መጽሐፍ ገጽን በስልክ ማሳየትን አንሥቼ ልኬቱ ውሳኔያችንን እንዴት እንደሚመራ አብረን እናያለን።

ከስሌቱ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ሜሞሪ ስል ፎቶና ዘፈን የሚቀመጥበትን ማከማቻ ወይም ካርድ ማለቴ አይደለም። ራም የሚባለውን፣ ስልኩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የሚይዝበትን ቦታ ማለቴ ነው። ማከማቻው ሲሞላ ስልኩ ይነግረናል፤ የማትፈልጉትን አጥፉ ይለናል። ራሙ ሲጠብበት ግን ማንንም አይጠይቅም። አንዱን አፕ ይዘጋና ሥራውን ይቀጥላል።

ፎቶ በማከማቻው ላይ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ የአጨማመቅ ደንብ ነው። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ወደሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍልና፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ዐይናችን እምብዛም የማያስተውለውን ዝርዝር እየተወ የቀረውን አሳጥሮ ይጽፈዋል። የዚህ ዘዴ እምብርት የሆነውን የሒሳብ ስልት ናሲር አሕመድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር ያሳተሙት። ብዙ ሚሊዮን ነጥቦች ያሉት ፎቶ በማከማቻው ላይ ሦስት ወይም አራት ሜጋባይት ብቻ የሚይዘው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው። ስክሪን ግን የተጨመቀ ነገር ማሳየት አይችልም። እያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል አረንጓዴ፣ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሆነች ተለይቶ ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ አፑ ፎቶውን ከማሳየቱ በፊት ይፈታዋል፤ ነጥቦቹንም አንድ በአንድ በራሙ ላይ ይደረድራቸዋል። ድርቆሽ ለመንገደኛ በትንሽ ከረጢት ይያዝለታል፤ ውኃ ሲነካው ግን ሰፊ ሳህን ይፈልጋል። አቅራቢው ሳህን የሚመርጠው ከረጢቱን አይቶ ከሆነ ምግቡ መሬት ይወድቃል።

ስሌቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ የምስሉ ወርድ በቁመቱ ሲባዛ የፒክሰሎቹ ብዛት ይገኛል፤ ያ ደግሞ አንድ ፒክሰል በሚይዘው ባይት ይባዛል። በአንድሮይድ የተለመደው አቀማመጥ ኤአርጂቢ 8888 ይባላል። ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ነጥቧ ከኋላዋ ያለውን ምን ያህል ታሳያለች ለሚለው አንዳንድ ባይት ይሰጣል፤ በድምሩ አራት ባይት ነው። የ12 ሜጋፒክሰል ካሜራ 4,032 በ3,024 የሆነ ፎቶ ያወጣል። ሲባዛ 12,192,768 ፒክሰል ነው፤ ይህ በአራት ሲባዛ 48,771,072 ባይት ይሆናል። ወደ 49 ሜጋባይት ማለት ነው። ሜጋባይትን በ1,024 ብዜት የሚቆጥር መሣሪያ የያዛችሁ 46.5 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ብቻ ስለሆነ አይረብሻችሁ።

በዚህ ስሌት ውስጥ የፋይሉ መጠን የሚባል ነገር እንደሌለ ልብ በሉልኝ። ጥርት ያለ ሰማይ ብቻ ብታነሡ የሚጨመቀው ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። በዚያው ካሜራ የመርካቶን ግርግር፣ ሸቀጡን፣ ጥላውንና ተሸካሚውን ብታነሡ ፋይሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱ ፎቶዎች ሲፈቱ ግን እኩል 48,771,072 ባይት ይይዛሉ። «ምስሎቹን ኮምፕረስ አድርጌያቸዋለሁ» የሚል ሠሪ የሠራው ሥራ ከንቱ አይደለም። ፋይሉን ከጄፔግ የበለጠ ወደሚጨምቀው ዌብፒ ቢቀይረው የተጠቃሚውን የኢንተርኔት ጥቅል ይቆጥብለታል፤ ይህም በጥቅል ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ራሙን ግን በአንድ ባይት እንኳ አላቀለለም። ሁለቱ ቁጠባዎች በየራሳቸው መንገድ የሚገኙ ናቸው፤ አንዱን ሠርቶ ሁለቱንም እንዳገኙ ማሰብ በዚህ ሙያ ውስጥ በጣም የተለመደው ስሕተት ይመስለኛል። የአፕል መሐንዲሶችም እ.ኤ.አ. በ2018 ለአፕ ሠሪዎች በሰጡት ትምህርት አጥብቀው የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ በአይፎንም ቢሆን ሜሞሪን የሚወስነው የምስሉ ስፋት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ሲቀርብ ጠቅላላ ራሙ 192 ሜጋባይት ነበር፤ አንድ አፕ እንዲጠቀም የሚፈቀድለትም 16 ሜጋባይት ብቻ። የራሱ ካሜራ የሚያነሣው 2,048 በ1,536 የሆነ ፎቶ ሲፈታ 12.6 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ፎቶ ብቻ ለአፑ ከተፈቀደው ሦስት አራተኛውን ይወስድ ነበር ማለት ነው። የዘመኑ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በእያንዳንዱ ምስል ይጨነቁ ነበር። ዛሬ ራሙ በብዙ እጥፍ ሰፍቷል፤ ካሜራውም አብሮት አድጓል። ያላደገው ጭንቀቱ ነው።

አሁን የስክሪኑን ነገር እንጨምርበት። በዋጋው ዝቅ ያለ ብዙ ስልክ ስክሪኑ 720 በ1,600 ፒክሰል ነው። ይህ 1,152,000 ነጥብ ነው። ያ የ12 ሚሊዮን ነጥብ ፎቶ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ቢሞላው እንኳ ከአሥር ነጥብ ዘጠኙ የሚታይበት ቦታ የለውም። ማንም ለማያየው ነገር ራም ተከፍሏል። ትንንሽ ምስሎች በተደረደሩበት ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዕቃ የሚሸጥበት አፕ አስቡ። ሻጩ የሰደደው ፎቶ 1,080 በ1,080 ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ግን 150 በ150 በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ረድፍ አራት አራት እየሆነ ነው። 40 ዕቃ በአንድ ጊዜ ቢታይና አፑ ፎቶዎቹን እንዳሉ ቢፈታቸው 186.6 ሜጋባይት ይይዛሉ። በሳጥኑ ልክ አሳንሶ ቢፈታቸው 3.6 ሜጋባይት ይበቃቸዋል። ለተመልካቹ ሁለቱ ገጾች አንድ ዓይነት ናቸው።

እስካሁን ያልኩት በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነው። ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንሻገር የሚገጥመን ጥያቄ «በእውነተኛው ስልክ ላይ ይህ መጠን የት ይታያል?» የሚል ነው። ስሌቱ አፑ ምን ማድረግ እንደሚገባው ይነግረናል፤ ያደረገውን የሚነግረን ልኬት ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ምስሉ የሚቀመጥበት ቦታ በየዘመኑ ከመለዋወጡ ነው። በአንድሮይድ 2.3 እና ከዚያ በፊት የምስሉ ነጥቦች ከጃቫው ክምችት፣ ማለትም ለአፑ ገደብ ተበጅቶለት ከሚሰጠው የሥራ ቦታ፣ ውጭ፣ በስልኩ መሠረታዊ ሜሞሪ ላይ ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው አንድሮይድ 3.0 ወደ ጃቫው ክምችት ገቡ፤ እስከ 7.1 ድረስም እዚያው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድሮይድ 8.0 እንደገና ወጥተው ወደ መሠረታዊው ሜሞሪ ተመለሱ። በዚያው ጊዜ ነጥቦቻቸው በግራፊክስ ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚኖሩ ምስሎችም መጡ። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተማረ ሠሪ የጃቫውን ክምችት ብቻ እያየ ምስል መለካት ለምዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ልክ ነበር። ዛሬ በዚያው ልማድ ቢለካ በ200 ሜጋባይት ምስል የተጨናነቀ አፕ ጤነኛ መስሎ ይታየዋል፤ ምስሎቹ እሱ በማያይበት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋልና።

የለውጡ ትርጉም ለተጠቃሚው ከባድ ነው። ምስሎቹ በጃቫው ክምችት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ አፑ ከተፈቀደለት ሲያልፍ ራሱ ይወድቅ ነበር። ውድቀቱ በስሕተት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ሠሪው ያየዋል፤ ያፍርበታል፤ ያስተካክለዋል። ዛሬ ያ ገደብ ምስሎቹን ስለማይዛቸው አፑ ስልኩ እስኪጨንቀው ድረስ መስፋት ይችላል። የጨነቀው ስልክ ደግሞ ከኋላ ያሉትን አፖች አንድ በአንድ ይዘጋል። ሲሰማ የነበረው መዝሙር ይቆማል፤ ተከፍቶ የነበረው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የስልኩ ባለቤት «ስልኬ አርጅቷል» ይላል። ጥፋቱ ያልተለካ ምስል እንደሆነ የሚነግረው የለም፤ ጥፋተኛው አፕም አልወደቀም፤ በመዝገቡም ላይ ምንም አልተጻፈም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቅጽ የሚሞላ ሰው ላይ የሚደርሰው ነው። አፑ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ዘመን ካስሞላ በኋላ «የመታወቂያዎን የፊት ገጽ ፎቶ ያንሡ» ይላል። ሰውየው ካሜራውን ይከፍታል፤ ያነሣል፤ ይመለሳል። አፑ ያን ፎቶ እንዳለ ፈትቶ 49 ሜጋባይት ይዞ ይቀመጣል። ቀጥሎ የኋላውን ገጽ ይጠይቃል። ካሜራው እንደገና ይከፈታል፤ ካሜራ ራሱ ብዙ ራም የሚፈልግ አፕ ነው። ቅጹን የያዘው አፕ በዚያ ቅጽበት ከኋላ ነው ያለው፤ ከብዷልም። ራሙ ጠባብ በሆነ ስልክ ላይ ሥርዓቱ የሚዘጋው እሱን ይሆናል። ሠሪው የተሞላውን እንዲያስቀምጥ ካላደረገው ሰውየው ሁለተኛውን ፎቶ አንሥቶ ሲመለስ ባዶ ቅጽ ይጠብቀዋል። እንደገና ይሞላል፤ እንደገና ይዘጋበታል። ውድ ስልክ የያዘው ሠሪ ይህን በጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜም አላየውም። እኔ ልኬትን የሙያ ጨዋነት አድርጌ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ያልተለካ ዕዳ ሁልጊዜ የሚወርደው ደካማ ስልክ በያዘው ሰው ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት እንለካ? ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዞ ደምፕሲስ ሜምኢንፎ የሚባለው ትእዛዝ ሲሰጥ የአንዱን አፕ ሜሞሪ በየረድፉ ዘርዝሮ ያወጣል፦ የጃቫው ክምችት፣ መሠረታዊው ክምችት፣ ግራፊክስ፣ ኮድ፣ ሌላም። በአንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ፕሮፋይለር ይህንኑ በሥዕል፣ ከጊዜ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ያሳያል። በመጀመሪያ የሚታየው ድምሩ ነው። ድምሩ ፒኤስኤስ ይባላል፤ አፖች በጋራ የሚጠቀሙበትን ሜሞሪ ለተጋሪዎቹ እያካፈለ ይቆጥራል። ሦስት አፖች የሚጋሩት 12 ሜጋባይት ቢኖር ለእያንዳንዱ አራት አራት ይጻፍበታል። ለምስል ሥራ በዋናነት የምመለከታቸው መሠረታዊውንና የግራፊክሱን ረድፍ ነው። የጃቫውን ማየት የማልተወው ደግሞ አሮጌ ስልኮች ገና በእጅ ላይ ስላሉ ነው።

አንዲት ቁጥር ብቻዋን ምንም አትናገርም። አፑ 140 ሜጋባይት ይዟል ቢባል ስንቱ የምስል፣ ስንቱ የሌላ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ልኬት መነሻ ይፈልጋል። አፑ ተከፍቶ ምስል የሌለበት ገጽ ላይ ሲረጋ ቁጥሩ ይያዛል። ከዚያ ምስሎቹ ወዳሉበት ገጽ ይገባል፤ እስከ ታች ይወረዳል፤ ቁጥሩ ይያዛል። ከዚያ ይወጣል፤ የተጣለው ሜሞሪ እንዲጸዳ ይደረጋል፤ ቁጥሩ ለሦስተኛ ጊዜ ይያዛል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት የገጹ ዋጋ ነው። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን ይበልጥ ብዙ ይናገራል፤ ከወጣን በኋላም ያልተመለሰልን ምን እንደሆነ ያሳያልና።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁለት ነገር ያምታታሉ። ያልተመለሰው ሁሉ የፈሰሰ፣ ማለትም በስሕተት ሳይለቀቅ የቀረ፣ አይደለም። ምስል የሚያቀርቡ መሣሪያዎች፣ ለአንድሮይድ ግላይድና ኮይል፣ እንዲሁም የአፕ መሥሪያው ፍላተር በራሱ፣ ተጠቃሚው ተመልሶ ሲመጣ እንዳይጠብቅ ብለው የተፈቱ ምስሎችን ለጊዜው ይይዛሉ። ፍላተር ሌላ ካልታዘዘ እስከ 1,000 ምስልና እስከ 100 ሜጋባይት ይይዛል። የተጠራቀመና የፈሰሰ የሚለየው በመደጋገም ነው። ወደ ገጹ ደጋግማችሁ ስትገቡና ስትወጡ ቁጥሩ ከአንድ ጣሪያ ደርሶ ከቆመ ያ ክምችት ነው፤ ጣሪያው ይብዛ አይብዛ የሚለው ሌላ ውይይት ነው። በእያንዳንዱ መግባት እየጨመረ ከሄደ ግን የተዘጋ ገጽ ምስሎቹን ሳይለቅ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ሰው ይህን ሊለይ አይችልም።

ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ፤ እሱም ከፍታው ነው። ሠሪው ፎቶውን ሙሉ ፈትቶ ቀጥሎ ወደ 720 በ960 ቢያሳንሰው ነገሩ ሲረጋ የሚቀረው 2.8 ሜጋባይት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ለአፍታ ትልቁም ትንሹም አብረው በራሙ ላይ ነበሩ፤ ከ51 ሜጋባይት በላይ። ስልኩ ሌላውን አፕ የሚዘጋው በዚያች አፍታ ነው። ከረጋ በኋላ የሚለካ ሰው አያያትም። መፍትሔው ከመነሻው አሳንሶ መፍታት ነው። የአንድሮይድ ፈቺ መጀመሪያ ምስሉን ሳይፈታ ወርዱንና ቁመቱን ብቻ እንዲናገር ሊጠየቅ ይችላል፤ ከዚያ ኢንሳምፕልሳይዝ በሚባለው ትእዛዝ በሁለት፣ በአራት ወይም በስምንት አካፍሎ እንዲፈታ ይነገረዋል። ያ 3,024 በ4,032 የቆመ ፎቶ በአራት ሲካፈል 756 በ1,008 ይሆናል፤ ለ720 ስክሪን ይበቃል። የሚይዘውም 3 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከፍታም የለው፣ ትርፍም የለው።

ስለ አንድ ምስል ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሠሪ ምስሉን ራሱን መጠየቅ ይችላል። ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንደኛው ምስሉ የሚጠቀምበትን፣ ሁለተኛው የተያዘለትን ቦታ ይመልሳል። በአንድ ትልቅ ምስል ቦታ ላይ ትንሽ ምስል ተፈትቶ ከገባ ሁለቱ መልሶች ይለያያሉ፤ መታመን ያለበት የተያዘው ነው። በአፑ ውስጥ ለተጫኑ አዶዎችና ጌጦችም ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል። 500 በ500 የሆነ ምስል ጥራት ባልተጻፈበት አቃፊ ውስጥ ሲቀመጥ አንድሮይድ በአንድ ኢንች 160 ነጥብ ላለው ስክሪን የተሠራ ነው ብሎ ያስባል፤ በአንድ ኢንች 480 ነጥብ ባለው ስልክ ላይም በወርድም በቁመትም ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። 1 ሜጋባይት የነበረው 9 ሜጋባይት ይሆናል። ኮዱን በማንበብ ብቻ ይህን ማግኘት ይከብዳል፤ ሲለካ ግን ወዲያው ይታያል።

ልኬቱ የሚደረግበት ስልክም ራሱ የልኬቱ አካል ነው። በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ አስመሳይ ስልክ ወይም 12 ጊጋባይት ራም ባለው መሣሪያ ላይ ሁሉም ነገር መልካም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አንድሮይድ ጎ የተባለውን ቀለል ያለ ዝርያ ያስተዋወቀው 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላላቸው ስልኮች ነበር፤ በአንድሮይድ 13 ዝቅተኛው ወደ 2 ጊጋባይት ከፍ ብሏል። ከእነዚህ ስልኮች አንዱ በየሠሪው ጠረጴዛ ላይ ቢኖር እመኛለሁ። ለብዙ ሰው አፑ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል የእጅ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት፣ የብሪታንያው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ብዙ የግዕዝ ጽሑፎችን በዲጂታል ምስል ለሕዝብ አቅርበዋል። ከእናንተ መካከል አንዱ እነዚህን ገጾች በስልክ ማንበብ የሚያስችል አፕ ልሥራ ብሎ ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? ጥሩ ሆኖ የተነሣ የብራና ገጽ 6,000 በ8,000 ፒክሰል ቢሆን 48 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ሲፈታ 192 ሜጋባይት። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ዝርያዎች ከ100 ሜጋባይት የሚበልጥ አንድ ምስል በስክሪን ላይ ለመሳል እምቢ ስለሚሉ አፑ ገጹን ሲከፍት ይወድቃል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀለሙን መቀነስ ሊሆን ይችላል። አርጂቢ 565 የሚባለው አቀማመጥ ለአንድ ፒክሰል ሁለት ባይት ብቻ ይሰጣል፤ ቀዩ 32፣ አረንጓዴው 64፣ ሰማያዊው 32 ደረጃ ይኖረዋል። 192ቱ 96 ይሆናል። ለብራና ግን ይህን አልመክርም። የብራናው ቆዳ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ የሚደምቅ ነው፤ ደረጃዎቹ ሲያንሱ ያ ለስላሳ ሽግግር ወደ ሰንበር ይለወጣል። የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም የደበዘዘበትን ቦታ ማየት ለሚፈልግ ተመራማሪም ጉዳት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተገኘው ቁጠባ ግማሽ ብቻ ነው። ወርድና ቁመቱን በግማሽ ማሳነስ ግን ወደ ሩብ ያወርዳል፤ ቀለሙንም አይነካም። መቀነስ ካለበት ቀድሞ የሚቀነሰው ስፋቱ ነው።

ስፋቱን ቢቀንስ ደግሞ አንባቢው ፊደሉን አጉልቶ ሲያይ ይደበዝዝበታል፤ በኅዳጉ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ሊያነብ አይችልም። መውጫው ገጹን በቁራጭ መፍታት ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ ከአንድ ትልቅ ምስል የተፈለገውን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚፈታ መሣሪያ አለው። ገጹ 256 በ256 ወደሆኑ ቁራጮች ይከፈላል፤ አንዱ ቁራጭ 262,144 ባይት ይይዛል። 720 በ1,600 የሆነ ስክሪን አንባቢው ገጹን የትም ቢያንሸራትተው በአንድ ጊዜ የሚነካው ቢበዛ አራት በስምንት፣ 32 ቁራጭ ነው። 8.4 ሜጋባይት። ከ192 ወደ 8.4 ስንወርድ ከፊደሉ ጥራት ምንም አልጎደለም። አንባቢው ሙሉውን ገጽ ከሩቅ ማየት ሲፈልግ በስምንት ተካፍሎ የተፈታ 750 በ1,000 የሆነ አንድ ምስል ይበቃዋል፤ 3 ሜጋባይት ነው፤ ከቁራጮቹ ሥር እንደ መደብ ሆኖ ሊቆይም ይችላል።

ይህን የሠራ ሰው አሁን ወደ ልኬቱ ይመለስ። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ ያንሸራት፤ ቁጥሩ ለማጠራቀሚያ ከወሰነው ጣሪያ ደርሶ መቆም አለበት። ቅጠል ይግለጥ፤ ደግሞም ይግለጥ፤ ጣሪያው ከፍ ካለ ያለፈው ገጽ ቁራጮች አልተለቀቁም ማለት ነው። ስልኩን ያዙር፤ ስክሪኑ ሲዞር ገጹ እንደ አዲስ ስለሚሠራ ብዙ ፍሳሽ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ካሜራውን ከፍቶ ይመለስ፤ የሚነበበው ቅጠል የት እንደነበረ አፑ ማስታወስ አለበት።

ቁራጭ በቁራጭ መፍታት ዋጋ የለውም አልልም። አንባቢው ቶሎ ሲያንሸራት አዲሱ ቁራጭ ተፈትቶ እስኪደርስ ድረስ ከሥሩ ያለው ደብዛዛ መደብ ለጥቂት ጊዜ ይታያል፤ አንጎለ ኮምፒውተሩም የበለጠ ይሠራል፤ ባትሪም ይነካል። ያም ሆኖ ያለማመንታት ይህንኑ እመርጣለሁ። 192 ሜጋባይት የሚፈልገው አፕ ውድ ስልክ ለያዘ ተመራማሪ ብቻ ይከፈታል። ጥቂት ሜጋባይት የሚበቃው ግን 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ ሌሎች አፖች ክፍት ሆነው እንኳ ስለሚሠራ፣ የአብነት ተማሪውም በራሱ ስልክ ኅዳጉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ሊያነበው ይችላል።